ስብራት በዲግሪ ይጻፍ

አንድ የግንባታ ሠራተኛ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ተንሸራትቶ በግራ እግሩ አረፈ እንበል። አዲስ አበባ ውስጥ በድንገተኛ ክፍል የሠራ ሐኪም ሁሉ እንዲህ ያለውን ሰው ያውቀዋል። ራሱን አልሳተም፣ ደም አልፈሰሰውም፣ ቃሬዛ ላይ ሆኖ ከባልደረቦቹ ጋር ያወራል፤ ተረከዙን መሬት ማስነካት ብቻ አቅቶታል። ራጅ ይነሳል። ፊልሙ ብርሃን ላይ ሲሰቀል የተረከዙ አጥንት ቅርጹን የያዘ ይመስላል። የቸኮለ ዓይን «ትንሽ ተሰንጥቋል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ማስመሪያና እርሳስ ያነሳ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ከጎን በተነሳ ፊልም ላይ የተረከዝ አጥንት ሦስት ከፍ ያሉ ቦታዎች አሉት፤ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ መካከል ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከፊት። ከኋለኛው ጫፍ ወደ መካከለኛው አንድ መስመር፣ ከመካከለኛው ወደ ፊተኛው ሌላ መስመር ይሰመራል። አንደኛው መስመር ሲረዝም ከሁለተኛው ጋር የሚፈጥረው ጠባብ ማዕዘን በጤነኛ እግር ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ነው። የሰውየው ክብደት መካከለኛውን ቦታ ደፍጥጦ ወደ ታች ካሰመጠው ሁለቱ መስመሮች ወደ አንድ ቀጥታ ይጠጋሉ፤ ማዕዘኑም ወደ 10፣ ወደ 5፣ ሲብስም ከዜሮ በታች ይወርዳል። መለኪያው በቪየናው ሐኪም በሎሬንዝ ቦህለር ስም ይጠራል። ቦህለር ዕድሜውን ያሳለፈው ሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸውን ሠራተኞች በማከም ነው።

«ተሰንጥቋል» እና «ማዕዘኑ 8 ዲግሪ ነው» የሚሉት ሁለት አረፍተ ነገሮች አንድ ዓይነት ዜና አይደሉም። የመጀመሪያው ሰውየውን በጀሶ ወደ ቤቱ ሊልከው ይችላል። ሁለተኛው ግን ወደ አጥንት ቀዶ ሐኪም ይመራዋል፤ እግሩ በኋላ ጫማ ይገባለት እንደሆነ፣ ድንጋይ ላይ መራመድ ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ያስጠይቃል።

በሕመምተኛው እጅ የሚገባው የራጅ ውጤት ግን ብዙ ጊዜ ቃል ብቻ ነው። «ስብራት አለ»፣ «መጠነኛ መጉበጥ ይታያል»፣ «እየገጠመ ነው»። መጠነኛ ስንት ነው? እየገጠመ ያለውስ ካለፈው ወር በምን ያህል በልጦ ነው? ስብራት በዲግሪና በሚሊ ሜትር መጻፍ አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ሒሳብ ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አያልፍም።

ራጅ በመሠረቱ ጥላ ነው። ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 በጀርመኗ ቩርዝበርግ ከተማ ጨረሩን ሲያገኝ፣ ከሳምንታት በኋላ የባለቤቱን የአናን እጅ አነሳ። በምስሉ ላይ የጣቶቿ አጥንቶችና የጣቷ ቀለበት ጠቁረው ይታያሉ። ሥጋው ጨረሩን ያሳልፋል፣ አጥንት ያስቀራል። ምክንያቱም ቁጥር ነው። ሥጋ በአብዛኛው ውኃ ነው፤ የውኃ ዋና ክፍል የሆነው ኦክስጅን የአቶም ቁጥሩ 8 ሲሆን፣ የአጥንቱ ካልሲየም 20 ነው። ጨረር የመዋጥ አቅም በግምት በዚህ ቁጥር ሦስተኛ ርቢ ያድጋል፤ 20 ለ8 ተካፍሎ ውጤቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ወደ 16 ይጠጋል። በፊልሙ ላይ አጥንት ከሥጋ ተለይቶ የሚታየው በዋናነት ከዚህ ልዩነት የተነሳ ነው።

በኩራዝ ብርሃን ያደገ ሰው የጥላን ጠባይ ያለ አስተማሪ ያውቃል። እጅ ወደ ኩራዙ ሲጠጋ ግድግዳው ላይ ያለው ጥላ ይገዝፋል፤ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ወደ ልኩ ይመለሳል። ራጅም እንዲሁ ነው። የጨረሩ ምንጭ ከፊልሙ 100 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ አጥንቱ ደግሞ ከፊልሙ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ ምስሉ 100 ለ90 ያህል፣ ማለትም በ11 ከመቶ ይገዝፋል። ፊልሙ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተለካ አጥንት በእውነቱ 36 ነው። ዘጠነኛ ክፍል የሚማሩት ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘን ይኸው ነው። በቀዶ ሕክምና ለሚገባ ብረት አራት ሚሊ ሜትር ብዙ ነው፤ ስለዚህም ጠንቃቃ ሐኪሞች መጠኗ የታወቀ የብረት ኳስ ከአጥንቱ እኩል ከፍታ ላይ አስቀምጠው ያስነሳሉ፤ በኳሷ ጥላ የአጥንቱን ልክ ያወጣሉ።

ጥላ ከመግዘፉ ይልቅ የሚደብቀው ነገር ያስፈራል። ወደ ኩራዙ ያዘነበለ ዱላ ግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ወደ ጨረሩ ምንጭ አቅጣጫ የጎበጠ ቅልጥምም ከፊት በተነሳ ፊልም ላይ ደህና ሆኖ ሊታይ ይችላል። በየትኛውም ስብራት ቢያንስ ሁለት ፊልም፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከጎን፣ ከላይና ከታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች ጨምሮ ይነሳ የሚባለው ለዚህ ነው። ገንዘብ ያጠረው ሕመምተኛ «አንዱ አይበቃም ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሁለተኛው ፊልም ትርፍ እንዳልሆነ የሚያስረዳው የዱላው ምሳሌ ነው።

ሁለቱም ፊልሞች ተነስተው እንኳ የሚፈጸም ስህተት አለ። ከፊት ሲታይ 12 ዲግሪ፣ ከጎን ሲታይ 16 ዲግሪ የጎበጠ የቅልጥም አጥንት ይታሰብ። አንባቢው ትልቁን ቁጥር ይዞ «ጉብጠቱ 16 ነው» ይላል። አይደለም። እያንዳንዱ ፊልም የእውነተኛውን ጉብጠት አንድ ጎን ብቻ ነው የያዘው። 12 በራሱ ሲባዛ 144፣ 16 በራሱ ሲባዛ 256፤ ድምሩ 400፤ በራሱ ተባዝቶ 400 የሚሰጠው 20 ነው። እግሩ የጎበጠው 20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የጎበጠውም በሁለቱም ፊልሞች ባልተነሳ ሰያፍ አቅጣጫ ነው። በታንጀንት በጥንቃቄ ሲሰላ 19.6 ይወጣል፤ ለዚህ ያህል ማዕዘን የፓይታጎረስ ሕግ ይበቃል። ተማሪዎች «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» እያሉ የሚያማርሩበት ሕግ የአንድን ሰው እግር አቃንቶ ለመጠገን የሚያገለግል መሆኑ በየክፍሉ ሊነገር ይገባል።

ከራጅ በፊት ሰው ስብራትን በጣቱ ነበር የሚያነበው። የደብሊኑ ሐኪም አብርሃም ኮልስ እ.ኤ.አ. በ1814፣ ሮንትገን ጨረሩን ከማግኘቱ 81 ዓመት ቀድሞ፣ በተዘረጋ እጅ ላይ ሲወድቁ የሚደርሰውን የእጅ አንጓ ስብራት በትክክል ጽፏል፤ ዛሬም ስብራቱ በእሱ ስም ይጠራል። ወጌሻዎቻችንም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። የሰለጠነ ጣት ያበጠ ሥጋ ውስጥ የአጥንት ጫፍ ያገኛል፣ ውልቃትን ይመልሳል። ይህን ችሎታ መናቅ ሰውን ከሐኪም ያርቃል እንጂ ከወጌሻ አያስቀርም።

ጣት የማይደርስበት ቦታ ግን አለ። ጤነኛ የእጅ አንጓ ከጎን ሲታይ በአማካይ 11 ዲግሪ ያህል ወደ መዳፍ ያዘነብላል። የተሰበረው ወደ እጅ ጀርባ 20 ዲግሪ ካዘነበለ፣ ከቦታው የተነቃነቀው 31 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ይህን በእብጠት መካከል በጣት መለካት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1989 ላፎንቴንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ወደ ጀርባ ከ20 ዲግሪ በላይ ማዘንበል ስብራቱ ተመልሶ በጀሶ ከተያዘ በኋላ እንደገና ሊንሸራተት እንደሚችል ከሚጠቁሙት ምልክቶች አንዱ ሆኗል። ከ60 ዓመት በላይ መሆንም ከምልክቶቹ ውስጥ ተቆጥሯል። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን 24 ብሎ ከጻፈ፣ ከሳምንት በኋላ ፊልሙ እንደገና መነሳት እንዳለበት የሚያስታውሰው ያ ቁጥር ነው። «ጎብጧል» ብሎ ከጻፈ ግን በሳምንቱ የሚያየው ሌላ ሐኪም ይሁን እሱ ራሱ፣ ይባስ ይሻል የሚያውቅበት ነገር የለውም።

የእናት አባትን እንቅልፍ የሚነሳው ጉዳይ ደግሞ ጠብቆ የታሰረ እጅ ነው። የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጥብቅ ብሎ ሲታሰር፣ ውስጡ ሲያብጥ ግፊቱ ይጨምራል። በጡንቻው ውስጥ ያለው ግፊት ከታችኛው የደም ግፊት ጋር ያለው ልዩነት ከ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲያንስ ሐኪሞች አደጋ ነው ብለው ይነሳሉ፤ ደም ወደ ጡንቻው መድረስ ያቅተዋልና። እጃቸው ጠቁሮ ወደ ሆስፒታል የመጡና የተቆረጠባቸው ልጆች ታሪክ በኢትዮጵያ ሐኪሞች በተደጋጋሚ ተጽፏል። ወጌሻዎችን ሰብስቦ አስተሳሰሩን ማሰልጠን መቆረጥን እንደሚቀንስም ከዚሁ ከአገራችን የወጣ ሥራ አሳይቷል። ሰልጣኙ እንዲይዘው የሚያስፈልገው ጥቂት ነገር ነው፤ ጣቱ ሞቃት ነው ወይ፣ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ ሕመሙ እየባሰ ነው ወይ፣ ከታሰረ ስንት ሰዓት ሆነው።

አጥንት ሲገጥምም ቁጥር አለው። ለቅልጥም አጥንት የተዘጋጀ አንድ ቀላል አቆጣጠር አለ። ከፊትና ከጎን ፊልሞች አራት የአጥንት ግድግዳዎች ይታያሉ። በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ አዲስ አጥንት ካልታየ 1፣ አዲስ አጥንት ታይቶ የስብራቱ መስመር ገና ካልጠፋ 2፣ አዲሱ አጥንት ተሻግሮ መስመሩ ከጠፋ 3 ይሰጣል። ድምሩ ከ4 ይጀምርና 12 ላይ ያበቃል። በስድስተኛው ሳምንት 6 የነበረው በአሥራ ሁለተኛው 9 ከደረሰ አጥንቱ እየሠራ ነው። ሁለቱም ጊዜ 6 ከሆነ ግን የሆነ ነገር ቆሟል፤ ሕመምተኛው ያጨሳል ወይ፣ ቁስሉ አመርቅዟል ወይ፣ ብረቱ ላልቷል ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ይህን አንድ ቁጥር ይዞ ቢመጣ፣ የቀድሞ ፊልሙ መንገድ ላይ ቢጠፋበት እንኳ ታሪኩ አይጠፋም።

ፊልም ሲነሳ ስለ ስልክም ሳይነሳ አይታለፍም። ዛሬ በየወረዳው ያለ ሐኪም ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ፣ በስልኩ አንስቶ፣ ለሚያውቀው ስፔሻሊስት በቴሌግራም ይልካል። ብዙ ሰው የዳነበት መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ስልኩ ከፊልሙ ጋር ትይዩ ካልሆነ ማዕዘን ይዋሻል። ስልኩ 30 ዲግሪ ካዘነበለ ምስሉ በአንድ አቅጣጫ ወደ 87 ከመቶ ይኮማተራል፤ ፊልሙ ላይ 45 ዲግሪ የነበረ መስመር ስክሪን ላይ 41 ሊሆን ይችላል። አራት ዲግሪ ጀሶና ቀዶ ሕክምናን ሊለይ የሚችል ልዩነት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ማዕዘኑ ፊልሙ ላይ ተለክቶ ቁጥሩ ከፎቶው ጋር ይላክ።

በአፍሪካ ምድር የተሠራ አንድ ሥራ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1956 ኬፕታውን ውስጥ፣ አለን ኮርማክ የሚባል የፊዚክስ መምህር ግሩት ሹር ሆስፒታል ውስጥ በከፊል ጊዜ ይሠራ ነበር። ጨረር ከብዙ አቅጣጫ ሰውነትን አልፎ ሲወጣ የሚቀረውን መጠን ለክቶ፣ ውስጡ ያለውን በሒሳብ መልሶ ማግኘት ይቻላል ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱን በ1963ና በ1964 አሳተመ፤ ያኔ የሰማው ሰው ጥቂት ነበር። ኦስትሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ዮሃን ራዶን በ1917 ይህንኑ ጥያቄ በንጹሕ ሒሳብ እንደፈታው ኮርማክ ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ማሽኑን ሠርቶ በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ጭንቅላት በሲቲ ስካን ታየ፤ ሁለቱ በ1979 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ለጥላ ውሸት መፍትሔው ብዙ ጥላ መሰብሰብና ማስላት ሆነ። ሲቲ ስካን በሌለበት ከተማ ሁለት ፊልምና ፓይታጎረስ የዚያው ሐሳብ ታናሽ ወንድሞች ናቸው።

አሁን ደግሞ ስብራትን ራሱ የሚያነብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት በታተመ ሥራ፣ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች የእጅ አንጓ ፊልሞችን ያለ ማሽን ሲያነቡ ከመቶ ስብራት 81 ያህሉን አገኙ፤ በማሽን ታግዘው ሲያነቡ 92 ገደማ። በእንግሊዝም የጤና መገምገሚያ ተቋሙ ናይስ እንዲህ ያሉ አራት መሣሪያዎች ባለሙያን እያገዙ፣ ማስረጃ እየተሰበሰበባቸው እንዲሠሩ መክሯል፤ ከስብራቶች ከ3 እስከ 10 ከመቶ የሚሆኑት ሳይታዩ ያልፋሉ ብሎም ገልጿል።

ከዚህ ጎን ለጎን ግን ማሽን መግዛት የሚያስብ የጤና ኃላፊ ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ሌላ ጥናት አለ። ኒውዮርክ በሚገኘው የማውንት ሳይናይ የሕክምና ተቋም ከ23 ሺህ በላይ የዳሌ ፊልሞች ተሰብስበው ማሽን ተማረባቸው፤ ውጤቱ በ2019 ታተመ። ስብራት ካለበት ሰው አንድ ፊልም፣ ከሌለበት አንድ ፊልም ቢቀርብለት፣ ማሽኑ የተሰበረውን በ78 ከመቶ ለየ። ደህና ይመስላል። ተመራማሪዎቹ ግን ጠለቅ ብለው መረመሩ። ማሽኑ ከምስሉ የሰውየውን ዕድሜና ጾታ፣ ፊልሙ በየትኛው መሣሪያ እንደተነሳ ሳይቀር ማወቅ ችሎ ነበር። ዳሌው የተሰበረ ሰው በድንገተኛ ክፍሉ መሣሪያ ይነሳል፤ ለተራ ምርመራ የመጣው በሌላ። እነዚህ ልዩነቶች በሁለቱም ወገን እኩል እንዲሆኑ ተደርጎ ሲፈተን ውጤቱ ወደ 52 ከመቶ ወረደ። ሳንቲም ቢወረወር 50 ነው። ማሽኑ ስብራቱን ሳይሆን ክፍሉን ነበር ያነበበው።

ማሽኑ አልዋሸም፤ የተሰጠውን መረጃ በትክክል ተምሯል። ተመራማሪዎቹ ጥያቄውን በትክክል ያቀረቡለት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎችን ፊልም አይቶ ያደገ ከሆነ፣ በሪኬትስ እግሩ የጎበጠ የእኛን ሕፃን ሲያይ ምን ይላል? በስልክ የተነሳ፣ የመስኮት ክፈፍ የገባበት ፊልም ሲሰጠውስ? ከመግዛት በፊት በአገር ውስጥ ፊልም፣ መልሱ በአጥንት ሐኪሞች በተረጋገጠ፣ መፈተን አለበት።

ሻጩ «90 ከመቶ ትክክል» ሲልም ሒሳቡን እጅ ላይ ማስላት ይቻላል። ማሽኑ ከስብራት 90 ከመቶውን ያገኛል፣ ከጤነኛውም 90 ከመቶውን ጤነኛ ይላል እንበል። ከመቶ ሰዎች 30 ስብራት ባለበት ድንገተኛ ክፍል 27ቱን ያገኛል፣ 7 ጤነኞችንም በስህተት ተሰብሯል ይላል፤ «ተሰብሯል» ካላቸው 34 ሰዎች 27ቱ እውነት ነው። ያው ማሽን ከሺህ ሰው 20 ብቻ የተሰበረ ባለበት ጤና ጣቢያ ቢቀመጥ፣ 18ቱን አግኝቶ 98 ጤነኞችን ያስደነግጣል፤ «ተሰብሯል» ካላቸው 116 ሰዎች እውነቱ 18 ነው። ማሽኑ አልተለወጠም። የተለወጠው ወረፋው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። ይህን ሒሳብ ያልሠራ ግዥ የሕዝብ ገንዘብ ያባክናል፤ ይባስ ብሎም ያልተሰበረን ልጅ ጀሶ ያስለብሳል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚቀርበው ትልቁ ተቃውሞ ጊዜ ነው። በቀን ከመቶ ሰው በላይ የሚያይ ሐኪም ፕሮትራክተር ይዞ ይቀመጣል ወይ? ተቃውሞው ከባድ ነው፤ የሐኪሞችን ድካም ያየ ሰው አያቃልለውም። ቢሆንም ሁለት መስመርና አንድ ማዕዘን የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ የራጅ ባለሙያውም ሊለካው ይችላል፤ በዲጂታል ራጅ ላይ ደግሞ መለኪያው ስክሪኑ ላይ ተቀምጧል። ያልተለካ ስብራት ጎብጦ ሲገጥም አጥንቱ እንደገና ተሰብሮ የሚስተካከልበት ቀዶ ሕክምና ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ሐኪሞቹ ራሳቸው ያውቁታል።

ሌላው ተቃውሞ ሕመምተኛ ቁጥር አይደለም የሚል ነው፤ እውነት ነው። ሁለት ሐኪሞች አንድን ፊልም ለክተው በጥቂት ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ። የስምንት ዓመት ልጅ አጥንት 15 ዲግሪ ቢጎብጥ እያደገ ራሱን ሊያቃና ይችላል፤ በአርባ ዓመት ሰው ግን ያው 15 እንዳለ ይቀራል። ውሳኔው የሐኪሙ ነው። ነገር ግን የዕድሜውን ልዩነት ማመዛዘን የሚቻለው መጀመሪያ 15 መሆኑ ሲታወቅ ነው።

ወደ ግንባታ ሠራተኛው እንመለስ። በውጤት ወረቀቱ ላይ የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፦ «ግራ ተረከዝ፣ የጎን ፊልም፤ ማዕዘን 8 ዲግሪ። ጤነኛው ቀኝ ተረከዝ 31 ዲግሪ። ከከፍታ ስለወደቀ የወገብ ፊልም ታዝዟል። የለካው ባለሙያ ስም፣ ፊርማ፣ ቀን።» ሦስት መስመር አይሞላም፤ አሁን ባለው ወረቀት ላይም ቦታ አለው።